በማንኪያ ጀርባ የተቀዳው ቤተሰብ

ሌላው ሰው ሕልም የሚያየው ሌሊት፣ አልጋው ላይ ተኝቶ ነው። እኔ ያየሁት ትናንት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ያውም ጓዳ ውስጥ፣ ማንኪያ በእጄ እንደያዝኩ። ፍቺውን የሚያውቅ ሰው ካለ ለራሱ ይያዘው። እኔ ያየሁት ይበቃኛል።

መጀመሪያ ግን ጓዳ ውስጥ ማንኪያ ይዤ ምን አደርግ እንደነበር ልናገር። ትናንት የልጄ ልጅ ክርስትና ነበር፤ ድግሱም እኔ ቤት ነው። እንዲህ ባለ ቀን አያት የሆነ ሰው ደህና ቦታ ይዞ፣ ጋቢውን ጣል አድርጎ፣ «ብሉ እንጂ፣ ጠጡ እንጂ» እያለ ይውላል። እኔ ግን ሙሉእመቤትን ካገባሁ ወዲህ በእሷ ዘመዶች መሐል ተቀምጬ አላውቅም። በሠርግም፣ በተዝካርም፣ በገዛ ቤቴም ቋሚ አሳላፊ ነኝ። ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ይገዙ ገና ከበር ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው ከሁሉ በሚመቸው መቀመጫ ላይ ነው። ይቀመጣል፣ እግሩን ይዘረጋል፣ ከዚያ «አስናቀ! ቅዳ እንጂ፣ ምን ቆመህ ታየናለህ?» ይላል። እቀዳለሁ። በዕድሜ እኔ እበልጠዋለሁ፤ «ጋሽ» የምለው ግን እኔ ነኝ። እሱ እኔን ደስ ሲለው «አስናቀ»፣ ደስ ሳይለው ደግሞ «አራተኛ ክፍል» ይለኛል፤ ትምህርቴን እዚያ ላይ ስላቆምኩ።

አምና አዲሱን ቤቱን ሲያስመርቅ ቀይ ከረባት ያሰረ ባርማን ቀጥሮ ነበር። ባርማኑ በትንንሽ መለኪያ የሚቀዳት መጠጥ ነበረችው። ሊኬር የሚሉትን ጣፋጭ አልኮል አንዱን በአንዱ ላይ ይደራርበዋል፤ ቡናማው ከሥር፣ ነጩ መሐል፣ ብርቱካናማው ከላይ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ ልክ እንደ ጥሩ ጥለት ተሰልፎ ይቆማል። ዓይን ያፈዛል። ጋሽ ይገዙ አንዷን አንስቶ በመስኮት ብርሃን እያሳየ፣

«ዘመዶቼ፣ ይቺ ማለት የእኛ ቤት ናት» አለ። «ላይ ያለው ላይ ነው። መሐል ያለው መሐል ነው። ይቺ ከሥር የተኛችው አተላ ደግሞ...» ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። «አስናቀ የት ሄደ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ትሪ ይዤ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። የሳቁት ሰዎች ጥርስ እስከ ዛሬ በየተራ ይታየኛል፤ ወርቅ ያስለበጠውን እንኳ ለይቼ አውቀዋለሁ። ሙሉእመቤትም በነጠላዋ ተከልላ ሳቀች። እሷን ይቅር ብያታለሁ። ማለቴ፣ ልላት እያሰብኩ ነው።

የዚያን ዕለት ባርማኑን በጓሮ በር አግኝቼ ጠየቅኩት። ልጁ ደግ ነው፣ አልደበቀኝም።

«ፋዘር፣ ምንም ምስጢር የለውም» አለኝ። «ስኳር የበዛበት ይከብዳል፣ ከሥር ይተኛል። አልኮል የበዛበት ይቀልላል፣ ከላይ ይንሳፈፋል። ማንኪያውን ገልብጠህ በጀርባው ላይ ቀስ እያልክ ታፈሰዋለህ። ጠርሙሱን ዝቅ፣ እጅህን ረጋ። ከቸኮልክ ጭቃ ነው የምትጠጣው።»

ይህን ቃል ዓመቱን ሙሉ ይዤው ኖርኩ። በልጅ ልጄ ክርስትና ያቺን መጠጥ በገዛ እጄ ሠርቼ፣ በትሪ ደርድሬ፣ ዘመድ ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲያይ ጋሽ ይገዙ ራሱ «ጋሽ አስናቀ፣ ኧረ እርስዎ ይቀመጡ!» እንዲለኝ ፈለግሁ። ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን፣ በቤቴ፣ «ተቀመጥ» መባል።

ሊኬር የሚባለውን ከሱቅ መግዛት የእኔ አቅም አይደለም፤ ቤት ውስጥ አዘጋጀሁ። ከርከዴ በብዙ ስኳር አፍልቼ እስኪወፍር አንተከተክሁት፤ ቀይ ሆነ፣ ከማንኪያ ላይ አልወርድም አለ። ማር በአረቄ በጠበጥኩ፤ ቢጫ ሆነ። ለላይኛው ዳገም አረቄ አስመጣሁ፤ ሁለት ጊዜ የወጣ፣ ጥርት ያለ፣ ክብሪት ብታስጠጋለት ቦግ የሚል።

ችግሩ እጄ ነው። የእኔ እጅ የጠጅ ቀጂ እጅ ነው። ጠጅ ከከፍታ ሲወርድ ነው አረፋ የሚሠራው፤ አረፋ ካልሠራ እንግዳው «ሰስተው ነው» ብሎ ያማል። ዕድሜዬን ሙሉ ክንዴን ሰቅዬ ስቀዳ ስለኖርኩ እጄን «ዝቅ በል» ብለው አልሰማ አለኝ። ማንኪያውን ገልብጬ ጠርሙሱን ሳዘነብል ክንዴ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፤ መጠጡ ዘሎ ይወርዳል፤ ቀዩም ቢጫውም ይደባለቃል፤ ጭቃ። ለክርስትና የተቀዳ መጠጥ ደግሞ አይደፋም። ጠጣሁት። እንደገና ቀዳሁ። ጭቃ። ጠጣሁት።

ሙሉእመቤት ብቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዳው ሊመጣ ነው፤ ምን ትንደፋደፋለህ እዚህ?»

«ላይና ታች እያበጀሁ ነው።»

«ጉድ ፈላ! ጠጁ አለ፣ ጠላው አለ፣ ቢራው በሳጥን ተደርድሯል። ይሄን ደግሞ ማን አምጣ አለህ?»

«ማንም አላለኝም። እሱ ነው የቆጨኝ።»

አፌን አሸተተች። «ይገዙ መጥቶ እንዲህ ሆነህ እንዳያይህ! ወዮልህ!» ብላ ሄደች።

ይገዙ እንዳያየኝ! ብሽቀቱ እጄን ቀጥ አደረገው መሰለኝ። ቀዩን አስተኛሁ። ቢጫውን በማንኪያው ጀርባ አንጠባጠብኩት፤ ተንሸራትቶ ቀዩ ላይ ተኛ። ትንፋሼን ይዤ ዳገሙን አስከተልኩ። ቆመ! ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥርት ያለ፤ ጥለት! ልጮህ ነበር። ግን አሳላፊ የቀዳውን ሳይቀምስ ለሰው አያቀርብም፤ ቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ ደንቡ ነው። እኔም ሳላስበው መለኪያዋን አንስቼ መዳፌ ላይ ዘንበል አደረግኳት። ጥለቱ ተናደ። ጭቃ ሆነች። ምን ላድርግ፣ እሷንም ጠጣኋት፣ ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ።

ሕልሙ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ማንኪያዬን እንደያዝኩ አውራ ጎዳና ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ዝናብ እየዘነበ ነበር፤ ግን ከመሬት ወደ ሰማይ። ሰዎች ዣንጥላቸውን ከእግራቸው ሥር ዘርግተው በዘንጉ ላይ ሚዛን ጠብቀው ይሄዳሉ። ታክሲ ተራው ጋ ሚኒባሶች ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። አንድ ደልደል ያለ ሰውዬ ሲመጣ ተጋፉ፣ ተራገጡ፤ አንዷ ሰማያዊ ሚኒባስ ቀድማ ጀርባው ላይ ወጣች። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ዳገቱን እያለከለከ ያዘው። ትንሽ ሄደው ሚኒባሷ ትከሻውን መታ አድርጋ፣

«ወራጅ አለ!» አለች።

«ጥግ ላይ ልቁም?» አላት።

«እዚሁ ጣለኝ፣ ጎማዬን አሞኛል።»

ማንም አልገረመውም፤ እኔም አልገረመኝም። ወረድ ስል በግ ተራ ደረስኩ። በጎቹ ለበዓል ሰው ይገዛሉ። ሰዎች በገመድ ታስረው በየጥጉ ቆመዋል፤ በጎቹ እየዞሩ ወገባቸውን ይዳብሳሉ፣ ጥርሳቸውን ያያሉ። እኔም ሳላስበው ታስሬ ተገኘሁ፤ ቀንዱ የተጠቀለለ አንድ ሙክት መጥቶ ጎኔን ጨበጥ ጨበጥ አደረገኝ።

«ይሄ ስብ የለውም» አለ።

ሻጩ ፍየል «ስብ ባይኖረው ንዴት አለው» አለው። «ዓመት የተቀለበ ንዴት ነው፤ ንካው እስቲ።»

ሙክቱ እንደገና ዳበሰኝና ፊቱን አኮሳተረ። «ንዴት ሥጋውን ያደርቀዋል። ልጆቼ ማኘክ አይችሉም። ያንን ሳቂታውን ስጠኝ።»

አጠገቤ የታሰረው ሳቂታ ሰውዬ እየሳቀ ተነዳ። እኔ ተለቀቅሁ። በሕይወቴ ንዴቴ የጠቀመኝ የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ዳር ወንበሮች ሰዎች ላይ ተቀምጠው ያወጋሉ። አንዲት ሦስት እግር በርጩማ ካባ የለበሰ ዳኛ ላይ ተደላድላ፣ «ዳኛ ይመቻል፤ ጠበቃ ግን ይወዛወዛል» ትላለች። እግሬን እያፈጠንኩ አለፍኩ፣ አንዱ እንዳይመርጠኝ ፈርቼ። መንገዱ ያለቀው ትልቅ አዳራሽ በር ላይ ነው። በሩ ላይ ካባ የደረበ ብርሌ ቆሟል፤ አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ሰፊ፣ ኩሩ።

«ስም?»

«አስናቀ።»

«የማን ነህ?»

«የጋሽ ይገዙ አማች።»

«እነሱማ ገብተዋል። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው፤ ግባ፣ ግባ!»

«እኔ እንኳ ለአሳላፊነት ነው የመጣሁት» አልኩ ማንኪያዬን እያሳየሁ።

ብርሌው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እዚህ ሰው መጠጥ አይቀዳም፣ ወንድሜ። መጠጥ ነው ሰውን የሚቀዳው። ዛሬ የእናንተን ቤተሰብ ነው የምንጠጣው።»

ገባሁ። አዳራሹ በመጠጥ ተሞልቷል። ጠላ ሰፊ ቀሚሷን ነስንሳ በየደቂቃው ታገሳለች። ቢራዎቹ ክዳናቸውን አዘንብለው ጎረምሳ ጎረምሳ ይጫወታሉ። ጠጅ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ጥግ ይዟል። ከመሐላቸው አንዲት ቀጭን ሴትዮ ቆማለች፤ ጥርት ከማለቷ የተነሳ ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ይታያል፤ ስትተነፍስ ፊቷ ያለው ሻማ ቦግ ይላል። እሜቴ ዳገም ይሏታል። የዚያ ቤት አሳላፊ እሷ ናት። በእጇ አካፋ የሚያህል ማንኪያ ይዛለች።

ከጣሪያው ላይ ደግሞ የውሃ ታንከር የሚያህል መለኪያ ተዘቅዝቆ ተንጠልጥሏል፤ አፉ ወደ መሬት፣ ቂጡ ወደ ጣሪያ።

የሚስቴ ዘመዶች ከሥሩ ተሰልፈዋል። ፊት የቆመው ጋሽ ይገዙ ነው፤ እዚያም ፊት!

«እሜቴ፣ እንዴት ነው የምትቀዱት?» ብዬ ጠየቅኳት። የሙያ ነገር ነው፣ አላስቻለኝም።

«ከታች ወደ ላይ ነዋ፣ በማንኪያ ጀርባ። ከባዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቂጡ ላይ ይተኛል። ቀላሉ እዚህ አፉ ላይ ይቀራል።»

«ከባድና ቀላሉንስ በምን ትለያላችሁ? በስኳር ነው?»

«በዋጠው ነው» አለች። «ሰው በዕድሜው የዋጠው ነው የሚመዝነው። የተፋውማ ሄዷል።»

ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረች። «የመጀመሪያው! ምን ዋጥክ?»

ጋሽ ይገዙ ደረቱን ነፋ። «እኔ? እኔ ምን ቆርጦኝ ነው የምውጠው! አፌ የመጣልኝን እናገራለሁ። ማንም ይከፋው ማንም፣ አንዲት ቃል ውጬ አላውቅም!»

«አንዲትም?»

«ተይ እንጂ! ይገዙ እኮ ነኝ።»

«ጎሽ» አለች። «ቀላል ነህ።»

«ቀላል!» ብሎ ወደ ዘመዶቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ቀላሉ ነው ከላይ የሚሆነው፤ ባርማኑ ፊት ለፊታችሁ አልሠራውም? ቀጥይ፣ ቅጂኝ!»

በማንኪያዋ ጀርባ ላይ አስተኛችውና ወደ ላይ ሰደደችው። እንደ ላባ ነው የሄደው። ሄደና የመለኪያው አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ግፉኝ ቢል፣ በእግሩ ቢራገጥ፣ አልወጣም አለ። ከሥሩ ወለሉ፣ ከላዩ ባዶ ብርጭቆ፤ ከንፈር ላይ እንደቀረች ጠብታ እየተወዛወዘ ተንጠለጠለ።

«አሳሳችሁኝ!» እያለ ይጮሃል። «ይሄ እኮ ታች ነው!»

ሌሎቹ ዘመዶች ተራ በተራ ተቀዱ። ጥቂት ጥቂት የዋጡ ናቸው፤ ከእሱ ትንሽ ከፍ እያሉ ቀሩ። የሙሉእመቤት ተራ ደረሰ።

«አንቺስ ምን ዋጥሽ?»

«ግማሹን ዋጥኩ፣ ግማሹን ተናገርኩ» አለች ሚስቴ። እውነቷን ነው፤ የተናገረችው ግማሽ ሁሉ እኔ ላይ ነው የወረደው። ከዚያ ዓይኗን ሰበር አደረገች። «አንድ ቀን በወንድሜ ቤት ከሰው ጋር ሳቅሁ። ያ ሳቅ ግን... እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል፣ አልወርድ ብሎኛል።»

እሜቴ ዳገም አየቻት፤ ቀስ ብላ ቀዳቻት። ሙሉእመቤት መሐል ላይ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

የቀረሁት እኔ ነኝ። አዳራሹ ዞር ብሎ አየኝ። ከታች ብቀርስ? እዚህም ድረስ መጥቼ ከይገዙ ጋር ጎን ለጎን ብንጠለጠልስ? እዚህም አተላ ከሆንኩ ሌላ የምሄድበት ዓለም የለኝም።

«አስናቀ፣ ምን ዋጥክ?»

«ከየት ልጀምር?»

«ከጉሮሮህ ከሚቀርበው ጀምር።»

ጀመርኩ። «በገዛ ሠርጌ ፎቶ አንሺውን "ሙሽራውን ትንሽ ገለል አድርገው፣ የእህቴ ቀሚስ አልታየም" ያለውን ዋጥኩ።»

ማንኪያው ከእግሬ ሥር ሲጢጥ አለ።

«ልጄ ስትወለድ አንሶላውን ገልጦ አይቶ "ተመስገን፣ እኛን ነው የምትመስለው" ያለውን ዋጥኩ። "አራተኛ ክፍል"ን ዋጥኩ፤ በልጄ ፊት፣ በጎረቤት ፊት፣ በምሠራበት የእርሻ ቢሮ ዘበኛ ፊት። እናቴ የሞተች ጊዜ ድንኳን ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ሳለቅስ መጥቶ ትከሻዬን ነክቶ "አስናቀ፣ ለቀስተኛው ውሃ ጠምቶታል" ብሎ አስነሳኝ። ተነሳሁ። ቀዳሁ። እንባዬ ጆጉ ውስጥ ሲወርድ አይቻለሁ። ለቅሶዬንም አብሬ ዋጥኩ፤ እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።»

ጠላ አረፋዋ ላይ አነባች። ቢራዎቹ ክዳናቸውን አነሱ።

«አተላውንስ?» አለች እሜቴ ዳገም በቀስታ፣ ነገሩን ሁሉ እንደምታውቅ ሆና።

«እሱንማ ከነሳቁ ነው የዋጥኩት።»

ማንኪያው ጎበጠ። እሜቴ ዳገም አጎንብሳ ለማንሳት ሞከረች፤ ፊቷ ቀላ፤ «ኧረ እርዱኝ! ይሄ ሰውዬ ዓለት ነው እንዴ!» ብላ ጮኸች። ጠላ መጣች፣ ጠጅ መጣ፣ ቢራዎቹ «ሆ!» ብለው ትከሻቸውን አስገቡ። ገፉኝ። ተነሳሁ።

እንዴት ያለ አነሳስ ነው! የመለኪያውን አፍ ሳልፍ ይገዙ የሱሪዬን ጫፍ ሊይዝ ተንጠራራ።

«አስናቀ! ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ።»

«አንተ እኮ ከሥር ነህ! አተላ ከሥር ነው!»

«ሥሩ የት እንደሆነ ቀና ብለህ እየው» አልኩትና አለፍኩ።

ዘመዶቹ ሁሉ ገለል ገለል እያሉ አሳለፉኝ። «እለፉ ጋሽ አስናቀ፣ እለፉ» ይላሉ። ሙሉእመቤት ጋ ስደርስ እጇን ዘርግታ ክንዴን ነካችኝ። «አስናቀ፣ ይቺን ሳቄን ይዘህልኝ ውጣ» አለችኝ። ተቀበልኳት። ያኔ ክብደቴ ጨመረ መሰለኝ፣ ተወርውሬ ወጣሁና የብርጭቆው ቂጥ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ከሁሉ በላይ ጠብ አልኩ። ወደ ታች አየሁ። ቤተሰቡ ሁሉ በየደረጃው ተሰልፎ ቆሟል፤ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ፤ ጥለት! ጭቃ የሚባል ነገር የለም። ከሁሉ በታች ይገዙ ተንጠልጥሎ እግሩን ያወናጭፋል።

«አሁን ይቀመስ!» ተባለ።

እሜቴ ዳገም መዳፏን ከመለኪያው አፍ ሥር ዘረጋች። ይገዙ ጠብ አለ። መዳፏ ላይ የአተር ፍሬ አክሎ ቆሞ ይራገማል። በምላሷ ጫፍ ነካ አደረገችውና ፊቷን አጨማደደች።

«ይሄ ምንድነው? ውሃ እንኳ አይደለም። አየር ነው። ጉራ ጉራ ይላል።»

ብርሌው ከበሩ ሆኖ «ይደፋ!» አለ።

«ይደፋ! ይደፋ!» አሉ ቢራዎቹ።

ይሄን ጊዜ ይገዙ ተንበረከከ። «አማስሉን!» አለ። «እባካችሁ አማስሉን! እኛ እኮ ቤተሰብ ነን! በቤተሰብ መሐል ደግሞ ላይና ታች ምን ያደርጋል? ሁላችንም አንድ ነን! አስናቀ፣ ንገራቸው እንጂ፣ አንድ አይደለንም?»

አዳራሹ ቀና ብሎ እኔን አየ።

«በደንባችን ከከባዱ ፈቃድ ሳይገኝ አይማሰልም» አለች እሜቴ ዳገም። «አስናቀ፣ ምን ትላለህ? እናማስለው ወይስ እንዲሁ ይቁም?»

አሰብኩ። ቢማሰል ይገዙም እኔም አንድ ጭቃ እንሆናለን፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። እሱ ወደ እኔ ይወጣል፣ እኔ ወደ እሱ እወርዳለሁ። ደግ ሰው ቢሆን «አማስሉት» ይላል። ደግነቴን ፈለግሁት፤ በኪሴም በብብቴም አጣሁት።

«እንዳይደፋ» አልኩ። «የድግስ መጠጥ አይደፋም። ግን አይማሰል። እንዲሁ ይቁም፤ ትንሽ እንየው።»

አዳራሹ ተናጋ! ጠርሙስ ሁሉ ቡሹን አስፈነጠረ፤ ጠላ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጠጅ ከጥጉ ተነስቶ እስክስታ ወረደ። እሜቴ ዳገም ይገዙን መልሳ የመለኪያው አፍ ላይ አንጠለጠለችው። «ጋሽ አስናቀ ይከበሩ!» አሉ። «ክብራቸው ይምጣላቸው!»

በሩ ተከፍቶ ወንበር ገባ። ቀይ ከፋይ የለበሰ፣ እግሩ ወርቅ ቅብ፣ ጳጳስ የሚቀመጥበትን የሚመስል። እየተንጎራደደ ወደ እኔ ወጣና ዞሮ ጀርባውን ሰጠኝ። ጭኔ ላይ ሊቀመጥ ነው።

«ቆይ» አልኩት። «ምን ልታደርግ ነው?»

«ልቀመጥብዎት ነዋ። ትልቅ ክብር ነው፤ እኔን የሚችል ከባድ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ኖሬ፣ በመጨረሻ ወንበር ልሸከም? አይሆንም። እኔ ነኝ የምቀመጥብህ።»

ሙዚቃው ቆመ። አንድ ቢራ ደንግጦ ፈሰሰ። እሜቴ ዳገም ከታች ሆና፣

«አስናቀ፣ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አገር ተደርጎ አያውቅም!» አለች። «ሰው ወንበር ላይ ከተቀመጠ ዓለም ይገለበጣል!»

«ይገልበጣ!» አልኳት።

ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። ዓይኑን እንዳላይ ፊቱን አዞረ። ቀስ ብዬ፣ የኮቴን ጫፍ ሰብስቤ፣ ተቀመጥኩ።

ወገኖቼ፣ መቀመጥ እንዲህ ነው ለካ! ከፋዩ ወገቤን አቀፈው። የተሸከምኩት ትሪ ሁሉ ከክንዴ ላይ ወረደ። ከታች መለኪያው መዞር ጀመረ፣ ጣሪያው ወለል፣ ወለሉ ጣሪያ ሆነ፤ ዝናቡ ወደ ታች ዘነበ፤ ውጭ ያሉት ሚኒባሶች ሰው ጫኑ። ዓለም በእኔ ቂጥ ተስተካከለ። የሚስቴ ዘመዶች ሁሉ ተነስተው ቆሙ። እኔ ብቻ ተቀምጫለሁ።

«ይገዙ!» አልኩ። ጋሽም አላልኩት። «ና ቅዳ!»

ይሄኔ አንድ ነገር ጎኔን ገፋኝ። ወንበሩን ሊነጥቁኝ ነው ብዬ ክንዱን አጥብቄ ያዝኩ። እንደገና ገፋኝ። ዓይኔን ገለጥኩ።

ሳሎኔ ነው። ከነጫማዬ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ከጎረቤት በተዋስነው ትልቁ ሶፋ ላይ ተዘርሬያለሁ። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ እንግዳ ነው፤ አግዳሚው ሞልቷል፣ በርጩማው ሞልቷል፣ ልጆች መሬት ላይ ናቸው። የንስሐ አባታችን አባ ፈንታሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አጥንት ይግጣሉ። ሙሉእመቤት ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች፤ ጥርሷን ነክሳ ነው የምታወራው።

«እንግዳው ሲገባ ከጓዳ እየተንገዳገድክ መጥተህ፣ ይገዙ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል በትከሻህ ገፍተኸው ሶፋው ላይ ወደቅክ። ጎረምሶቹ ሊያነሱህ ቢታገሉ አቃታቸው። "ምን በልቶ ነው እንዲህ የሚከብደው?" አሉኝ። አባ ደግሞ "ተዉት፣ የሕፃኑ አያት ነው፣ ቤቱ ነው" አሉ። አዋረድከኝ!»

አለች እንጂ በነጠላዋ ተከልላ እየሳቀች ነበር። የአሁኑ ሳቅ ሌላ ነው፤ ለየሁት።

ጎኔን የገፋኝ ይገዙ ነው። መቀመጫ አጥቶ ከመጣ ጀምሮ ቆሟል፤ የቆመ ሰው ደግሞ በድግስ ቤት ሥራ አያጣም፤ አንዱ ጆግ አስይዞታል፣ ሌላው ትሪ። ጋቢው ከትከሻው ተንሸራቷል፣ ግንባሩ ላብ በላብ ነው። በጉልበቱ እግሬን ገፋ ገፋ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«አስናቀ» አለኝ። ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ። ግራ ቀኙን አየና ወደ ጆሮዬ ቀረበ። «ጋሽ አስናቀ፣ እግሬ አለቀ። እባክህ፣ ትንሽ ጠጋ በልልኝ።»

«ተኝቻለሁ» አልኩት።